አዲስ ሞኒተር፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ፦ ልመልሰው ወይስ ልቻለው?

ጤና ይስጥልኝ። የመጻሕፍት ገጽ አቀማመጥ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፣ ከማተሚያ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ። የዛሬ ስምንት ቀን ስታዲየም አካባቢ ካለ ሱቅ ባለ 24 ኢንች አዲስ ሞኒተር ገዛሁ።. ካርቶኑ የታሸገ ነበር፤ ደረሰኝም ተቀብያለሁ። በማግሥቱ አንድ የግጥም መድበል ከፍቼ ሳርም ከአንዱ አራት ነጥብ ጎን አምስተኛ ነጥብ አየሁ። ልሰርዛት ሞከርኩ፤ አልጠፋችም። አራት ነጥቡን ራሱን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፤ ነጥቧ እዚያው ናት። ገጹን ወደ ላይ ስገፋው ቃላቱ ሁሉ ሄዱ፣ እርሷ ብቻ ቀረች። የስክሪኑ እንጂ የጽሑፉ አለመሆኗ የገባኝ ያኔ ነው። በጥቁር ገጽ ላይ ደግሞ ከፍ ብላ አንዲት ቀይ ነጥብ ታበራለች፤ ከታች በቀኝ ጥግ በኩልም ብርሃን ሾልኮ የሚወጣ ይመስላል። ሻጩ ዘንድ ስደውል አንዲት ነጥብ ጉድለት አይባልም አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልመልሰው ወይስ ልቻለው?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ በስድስት ቀን ውስጥ 31 መልሶች ተከታተሉ። ከመካከላቸው እየተሳደቡ የተጻፉ፣ ከርእሱ ፈጽሞ የወጡም ስላሉ፣ ያው ችግር ለሚገጥመው ሰው እንዲቀል በራሴ አነጋገር በቁጥራቸው ተራ እተርካቸዋለሁ። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ባለቤቶቹ ያርሙኝ።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነበር። አቧራ ሊሆን ስለሚችል ለስላሳ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥቤ እንዳብሰው፣ ውሃ ግን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ እንዳልረጭ መከረኝ። አበስኩት፤ አቧራ አልነበረም።

2ኛው ጥገና የሚሠራ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ስክሪኑን በሙሉ በተራ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረግሁ በየቀለሙ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ እንድመለከት ነገረኝ። እንደ ገለጻው እያንዳንዱ ፒክስል (የስክሪኑ ምስል የሚሠራበት ደቂቅ ነጥብ) ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ንዑስ ነጥቦች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ደጃፍ ደግሞ አንድ ደቂቅ ትራንዚስተር ቆሞ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን እንዲያልፍ ወይም እንዲታገድ ያደርጋል። በአምስቱም ቀለም ላይ ጥቁር ሆና የምትቀር ነጥብ የሞተች ናት። በጥቁር ገጽ ላይ አንድ ቀለም ይዛ የምታበራዋ ግን ተጣብቃ የቀረች እንጂ የሞተች አይደለችም። የሞተችው አትነሣም፤ የተጣበቀችው ተስፋ አላት። እኔ እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም በአንድ ስም ስጠራቸው ነበር።

3ኛው ነጥቦቹን ቆጠረልኝ፦ የእኔው ሙሉ ኤችዲ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል ይሆናል፤ ንዑሶቹ ሲቆጠሩ 6,220,800። ከዚህ ሁሉ አንዷ ብትጠፋ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ጠጠር እንደማግኘት ነው ሲል ነገሩን አቀለለው። ንጽጽሩ ለጊዜው አሳመነኝ። ጠጠሯ ጥርስ ስር ስትገባ ኩንታሉ ማንንም እንደማያጽናና ያስታወሰው 6ኛው መላሽ ነው፤ እርሱን አስቀድሜ የጠቀስኩት ሁለቱ ተነጥለው ስለማይነበቡ ነው።

4ኛው 2ኛውን አረመው። ጥቁረት የሞት ምልክት የሚሆነው እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው፤ ቲ ኤን በተባለው ዓይነት ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ነጥብ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ትራንዚስተሩ ሲሞት አብሪ ሆኖ ይቀራል፣ በአይ ፒ ኤስና በቪ ኤ ግን ይጨልማል። የእኔው አይ ፒ ኤስ ስለሆነ መደምደሚያው አልተለወጠም። እርማቱ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን አለንጋ የያዘ የኔታ አስመሰለው።

5ኛው የነገሩን መልክ የለወጠ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን 13406 ክፍል 2 የተባለውን ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የተተካበትን 9241 ክፍል 307 ጠቀሰ። ስክሪኖች በመደብ ይከፈላሉ። በፊተኛው ደረጃ አምራቾች ሲጠቅሱት የኖሩት መደብ 2 በየአንድ ሚሊዮን ፒክስል ሁልጊዜ የሚያበሩ 2፣ ሁልጊዜ የሚጨልሙ 2፣ ከንዑስ ነጥቦች ደግሞ እስከ 5 የተበላሹ ይፈቅዳል። የእኔ ሞኒተር ሁለት ሚሊዮን ከጥቂት ፒክስል ስላለው፣ በዚህ ስሌት አራት ጥቁር ነጥቦች ቢኖሩትም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዋሽቶ አይደለም፤ የሚናገረው የፋብሪካውን ቋንቋ ነው አለ።

7ኛው ይህን አንብቦ፣ ደረጃው ለእያንዳንዱ የአማርኛ ጸሐፊ አንድ ሙሉ አራት ነጥብ በነጻ እንደሚሰጥና እኔ ሩቡ ብቻ ስለደረሰኝ ቀሪውን ሦስቱን እንድጠይቅ ጻፈ። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቢሆንም እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ይህ ደረጃ አምራቹ ከአስመጪው ጋር የሚነጋገርበት ነው። በእኔ ካርቶን ላይ አልተጻፈም፤ በደረሰኜም ላይ የለም፤ ሻጩም ገንዘቡን ሲቆጥር አላነሣውም። የጉድለት ልክ የሚታወቀው ዕቃው ከተከፈለበት በኋላ ከሆነ ነገሩ ለአንድ ወገን ብቻ የሚመች ነው።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ወደ ገንዘብና ወደ መብራት ሄዱ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ መሆኑን 8ኛው አስታውሶ፣ ሻጮች መተካትን የሚፈሩት የሚተኩበት ዕቃ ከሸጡበት በላይ ስለሚያስወጣቸው ነው አለ። 9ኛው ነጥቧን የገደላት የመብራት መቆራረጥ ነው ብሎ ማረጋጊያ እንድገዛ አዘዘኝ። 10ኛው ይህን በትሕትና ውድቅ አደረገ፦ የሞተ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል የሚያቃጥለው የሞኒተሩን የኃይል ክፍል ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚጠፋው አንዲት ነጥብ ሳይሆን ሁሉም ነው። ማረጋጊያውን ግን ለሌላ ጉዳይ ብገዛው እንደማይከፋ አከለ።

ከዚያ 11ኛው መጣ። በዚህ ከተማ ስንቱ ልጅ በሻማ ሲያጠና እኔ ለአንዲት ነጥብ ማልቀሴ አስቆጣው። ቅንጦት አለው፤ ሌላም ያለው አለ፣ ልተወው። 12ኛው ለእኔ ተቆርቁሮ 11ኛውን ከእኔ በላይ ሰደበው፤ አመሰግናለሁ፣ ባይሰድበው ግን ይሻል ነበር።

13ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተናደድኩትን ያህል አልጻፍኩም፤ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሦስተኛውን ነው የላክሁት። የእኔ እንጀራ ነጥብ ነው አልኩ። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው እነዚህን ነው። በ24 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ አንድ ፒክስል ከሚሊሜትር ሩብ ትንሽ ይበልጣል፤ ገጹ በልኩ ተከፍቶ ሲታይ የአራት ነጥብ አንዷ ነጥብ ከዚያ ብዙም አትበልጥም። ፊልም የሚያይ ሰው ላያያት ይችላል። እኔ ግን ያቺን ነጥብ ባየሁ ቁጥር የጽሑፉ ትሁን የስክሪኑ ለመለየት ገጹን ገፋ አድርጌ መመለስ አለብኝ። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደሚገፋ 11ኛው ያስላው። መልስ አልሰጠም።

14ኛው ሻጭ ነው፤ ሱቁ ሜክሲኮ አካባቢ እንደሆነ ነገረን። በዚህ ውይይት ካነበብኳቸው ሁሉ የረጋው እርሱ ነው፣ በሐሳቡ ባንስማማም። ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሆነን እንድናየው ለመነ። ካርቶኑ የተከፈተ ሞኒተር ከዚያ ወዲያ አዲስ ተብሎ አይሸጥም። አስመጪው በበኩሉ የፋብሪካውን ልክ ጠቅሶ አንዲት ነጥብ ያለውን አይቀበለውም። ራሳቸው ተጭነው ስክሪኑን የሰነጠቁትን በማግሥቱ ይዘው የሚመጡም አሉ። ስለዚህ እርሱ ገዢውን ከመክፈሉ በፊት ሞኒተሩን ሰክቶ አምስቱን ቀለም ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ ለነጥብ አይመልስም። ቀጥሎ እንዴት እንደወሰድኩት ጠየቀኝ፤ ሞኒተር በመኪና ሲሄድ ተኝቶ ላዩ ላይ ዕቃ ከተጫነበት ስክሪኑ ስለሚጨነቅ ጥጉ ላይ የሚታየው ብርሃን ከዚያ ሊመጣ ይችላል። እውነቱን ተናገርኩ፦ ከስታዲየም አራት ኪሎ በሚኒባስ፣ ጉልበቴ ላይ ቀጥ አድርጌ አቅፌው ነው የሄድኩት። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሎኛል።

15ኛው የሕግ ሰው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲተካለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አስረዳ። ስምንት ቀን አልፎኛል፤ ሰባት ቀረኝ። ይህን ሳነብ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ።

16ኛው ተጨማሪ አመጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ ወዲያው መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ይናገራል። እኔ የደወልኩት በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ሻጩ ከካደ ማስረጃው እኔው ብቻ ነኝ። ስለዚህ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥርና የጉድለቱን ዓይነት ጠቅሼ በጽሑፍ እንድልክ፣ ቅጂውንም እንዳስቀር መከረኝ። በዚያው ማታ ላክሁ። ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል ይህንኑ አስቀር ነበር።

17ኛው ሁለቱንም አሾፈባቸው። ሕጉ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ለአንዲት ነጥብ ጽሕፈት ቤት የሚመላለስ ሰው የሚያባክነው ቀን ከሞኒተሩ ዋጋ ይበልጣል፣ እዚያ ደርሶም ነጥቧን ለማሳየት ማጉያ መነጽር ይፈልጋል አለ። 15ኛው ተመልሶ በ18ኛው መልስ 17ኛውን ተቆጣው። እርሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶ አንዱ ጎን አልግል ሲለው፣ የአዋጁን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሱቅ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ክስም ጽሕፈት ቤትም አላስፈለገም፣ ምጣዱ ተቀየረለት። 17ኛው ምጣድ የማይግል ከሆነ እንጀራው ራሱ ይመሰክራል፣ ነጥብ ግን ማን ይመሰክርላታል ብሎ ዝም አለ። ክርክሩን ማን እንደረታ እስካሁን አልወሰንኩም።

19ኛው ስለ ጥጉ ብርሃን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልተርከው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር ገጽ ከፍቶ መቀመጥ ነው። ጥጉ ላይ የሚታየው ብርሃን ጭንቅላትን ወደ ጎን ስናዘነብል ወይም ወደ ኋላ ስንርቅ ቅርጹና ድምቀቱ ከተለዋወጠ፣ የአይ ፒ ኤስ ስክሪን ጠባይ ነው፤ ጉድለት አይባልም፣ ቢቀየርም አዲሱ ያው ነው። ከየትም ቢታይ ካለበት የማይነቃነቅ ነጭ ምላስ ከሆነ ግን ስክሪኑ ከክፈፉ ጋር በትክክል ስላልገጠመ የኋላው መብራት እየሾለከ ነው። በስልክ ፎቶ መፍረድ አይገባም፤ ካሜራው በጨለማ ውስጥ ብርሃኑን አግንኖ ስለሚያነሣ ጤነኛውን ስክሪን ሁሉ የተቃጠለ ያስመስለዋል። በዚያው ሌሊት ልሞክር ተነሣሁ። ክፍሉ እንደተባለው ጨለማ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና ሞኒተሩም አብሮ ጨልሟል። በማግሥቱ ስሞክር ብርሃኑ ከጭንቅላቴ ጋር ይሄድ ነበር። ስለ ጥጉ የያዝኩትን ቅሬታ እዚህ ላይ አንሥቻለሁ።

20ኛው ክፈፉን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቄ እንዳላላው መከረ። 21ኛው በጩኸት ከለከለ፦ የተከፈተ ሞኒተር ዋስትናው ያበቃል፣ የ15 ቀኑም ክርክር አብሮ ይሞታል። እውነቱን ነው፤ 20ኛውን የሚያነብ ሁሉ እባካችሁ 21ኛውንም አንብቡ።

22ኛው ለቀይዋ ነጥብ መድኃኒት ነገረኝ። ቀለማትን በፍጥነት የሚያፈራርቅ ትንሽ መስኮት በነጥቧ ላይ ከፍቶ መተው ነው፤ ተጣብቃ የቀረች ነጥብ አንዳንድ ጊዜ ትለቃለች፣ አንዳንድ ጊዜም አትለቅም። 23ኛው የእኔ ነው፦ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ቀይዋ ጠፋች። ጥቁሯ፣ 2ኛው እንዳለው፣ አልተነሣችም። 24ኛው ደግሞ የእርሱን ታሪክ ሳይደብቅ ነገረን። ነጥብ ለማስነሣት ስክሪኑን በእርሳስ ላጲስ ተጭኖት ነበር፤ አሁን ነጥቧ አለች፣ ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ፈሰሰ ወተት ያለ ነጭ ምልክት ከብቧታል። እንዳትሞክሩት ብሎ ፈረመ።

25ኛው ሌላ ሰው በመሃል ገብቶ የራሱን ጠየቀ፤ በእርሱ ስክሪን ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ አረንጓዴ መስመር አለ። ርእሱን ጠልፏል ብለው የተቆጡ ነበሩ። ቢሆንም 26ኛው የሰጠው መልስ ለሁላችንም ይጠቅማል። የሞኒተሩን ቁልፍ ተጭኖ የራሱን ማስተካከያ ሰሌዳ መክፈት ነው፤ መስመሩ ያንን ሰሌዳ ጭምር ከቆረጠው ችግሩ ከሞኒተሩ ነው፣ ሰሌዳው ንጹሕ ከሆነ ግን ኬብሉንና ኮምፒውተሩን መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛው መንገድ የስክሪኑን ምስል በኮምፒውተሩ ውስጥ አንሥቶ በሌላ ስክሪን ማየት ነው፤ መስመሩ በምስሉ ላይ ካለ ሞኒተሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። ጠያቂው ኬብሉን ቀይሮ መስመሩ መጥፋቱን በሁለት ቃል ነግሮን ሳያመሰግን ሄደ።

27ኛው የአረጋዊ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን አራት ኪሎ በፊደል ለቃሚነት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ በመደርደር፣ ሠርተዋል። ያን ጊዜ የፊደሉ ነጥብ በአገልግሎት ብዛት ትበላና በወረቀቱ ላይ አራት ነጥብ ሦስት ሆኖ ይወጣ ነበር፤ እናንተ የተረፈ ነጥብ አስጨነቃችሁ፣ እኛን የሚያስጨንቀን የጎደለው ነበር አሉ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። የተበላውን ፊደል በጣት ጫፍ ዳስሰው ያውቁት እንደነበር ሲናገሩ፣ እኔ ነጥቧን ለመሰረዝ ስደክም የቆየሁበትን ማለዳ አስታወስኩ። ያለፈውን ናፍቄ አይደለም፤ እርሳሱ ጤና ይጎዳ እንደነበር እርሳቸውም አልደበቁም።

28ኛው ይህን ተከትሎ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ መጻፍ ለምን ቀረ ብሎ ጠየቀ፤ 29ኛው ባዶ ቦታው ለዓይን ይቀላል፣ ሁለት ነጥቡ ለብራና ይቅር አለ። ይህ ክርክር በሌላ ጊዜ ሌሊቱን ያስነጋኝ ነበር። ሞኒተር፣ ሞኒተር ብዬ አቋረጥኳቸው።

30ኛው የውጤቱ ነው፣ የእኔ። ከገዛሁ በ13ኛው ቀን፣ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂና ደረሰኙን ይዤ፣ ሞኒተሩን እንደ አመጣጡ አቅፌ ሄድኩ። ሻጩ አልተደሰተም። የአዋጁን ቁጥር ገና ሳልጨርስ እጁን አነሣና ሁለተኛ ካርቶን ከፈተ። አምስቱን ቀለም አብረን አየን፤ ነጭ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩበት። እኔ ዝም አልኩ፤ እርሱም ዝም አለ። ሦስተኛውን ከፈተ፤ ንጹሕ ነበር። ካርቶኑን ሳስር አንድ ተማሪ ገብቶ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ሻጩ የእኔን የቀድሞ ሞኒተር ሰክቶ ነጥቧን በጣቱ እያሳየ ከዋጋው ቀንሶ ሸጠለት። ልጁ ነጥቧን ጎንበስ ብሎ አይቶ ሳቀና ከፈለ። ያንን የመሰለ ንግድ በእኔ ጊዜም ቢኖር ኖሮ ይህ ውይይት አይከፈትም ነበር።

31ኛው የመጨረሻው ነው። ስለ ሞኒተር ምንም አላለም። በመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ፣ ሞኒተሩን መግዛቴን በምናገርበት ዓረፍተ ነገር መጨረሻ፣ ከአራት ነጥቡ ቀጥሎ አንዲት ትርፍ ነጥብ እንዳለች ብቻ አመለከተ። ስጽፈው አይቻት ነበር፤ የስክሪኑ ናት ብዬ አልፌያታለሁ። በአዲሱ ሞኒተር ከፈትኩት። ገጹን ወደ ላይ ገፋሁት፤ ነጥቧ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አብራ ሄደች።